የአፍ ጽዳት ንቅናቄ

ከጋይንት ከተሞች በአንዲቱ፣ ስሟን ብንጠራ ነዋሪዎቿ በስድብ ስለሚያጥለቀልቁን ስሟን በማንጠራት ከተማ፣ የሕዝቡን አፍ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ለማጽዳት ታላቅ ንቅናቄ ተካሂዶ ነበር። የንቅናቄው ጠንሳሽና ሰብሳቢ የወረዳው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ዓለምነህ ነበሩ።

ስለ አቶ ዓለምነህ ጨዋነት ለከተማው ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሕይወታቸው ሰው ሰድበው አያውቁም። የሚሰድቡት ሞተር ሳይክላቸውን ነው፤ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ሲላቸው። ኔትወርኩን ነው፤ ከዞን አለቆቻቸው ጋር ሲነጋገሩ ሲቆረጥባቸው። አልፎ አልፎ ደግሞ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ። ሞተር ሰው አይደለም፤ ኔትወርክም እናት የለውም፤ ስለዚህ የእናቱ ስም ቢነሳ የሚጎዳ ወገን የለም። የአምስት ዓመቷ ልጃቸው የትናየት ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ ላይ፣ በአባቷ ሁለት ክንዶች መካከል ተቀምጣ፣ እስኪነሳ በትዕግሥት ትጠብቃለች። አባትና ልጅ እንዲህ ሆነው ነው በየቀኑ ወደ ሙአለ ሕፃናቱ የሚሄዱት።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። የቤተሰቡ የነፍስ አባት መሪጌታ ወልደማርያም ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። መሪጌታ እዚያው ጋይንት፣ በቤተ ልሔም ዐሥራ አንድ ዓመት ድጓ የተማሩ፣ ቅስናም የተቀበሉ፣ በቆሎ ተማሪነታቸውም የስንቱን ደጅ ውሻና ግልምጫ የቻሉ ሰው ናቸው። መስቀላቸውን ዘርግተው፣

«ተሳለሚ እስኪ፣ የኔ እመቤት» አሏት የትናየትን።

መስቀሉ አፍንጫዋን ትንሽ መታ አደረጋት። የትናየት አፍንጫዋን አሸት አሸት አደረገች፤ ሞተሩ እንዳልነሳለት ሰው በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያም አንዲት ቃል ተናገረች።

ቃሏን እዚህ አንጽፋትም። ወረቀቱ አፍሮ አይደለም፤ በኋላ በመንግሥት ሰነድ ላይ ተራ ቁጥር አንድ ሆና ስለምትሾም ከሹመቷ በፊት ስሟን ማቃለሉ ደግ አይመስለንም።

መሪጌታ መስቀሉን ቀስ ብለው ወደ እጅጌያቸው መለሱ።

«ተዋበች ልጄ» አሉ ወደ እናትየው ዞር ብለው፤ «ሕፃን ምንጭ አይደለችም፤ እንስራ ናት። የሚቀዳው የተሞላው ነው። ራቅ ብላችሁ አትፈልጉ።»

እልፍኙን ረጭተው፣ ጓዳውን ሳይረጩ ወጡ።

ወይዘሮ ተዋበች የጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው፤ የእስቴ ልጅ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። በዚያን ቀን ግን ባላቸውን ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

«ስማኝ ዓለምነህ። እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ድረስ የዚህች ልጅ ጆሮ ካላረፈ፣ እስቴ እናቴ ዘንድ ወስጄ አስቀምጣታለሁ። ዝውውርም እጠይቃለሁ።»

«እኔ ነኝ እንዴ ያስተማርኳት?»

«እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም።»

«የመናኸሪያው ሰው ነው ያስተማራት። በዚያ ስናልፍ ጆሮዋን መድፈን ነበረብኝ።»

«በየትኛው እጅህ? መሪውን የያዝክበት ነው?»

አቶ ዓለምነህ ደነገጡ። የትናየት ከዘጠኝ ዓመት ስለት በኋላ የተገኘች አንዲት ልጃቸው ናት። ማታ እሷ ካልጎረሰች እራት አይወርድላቸውም፤ ስትተኛ ጫማዋን በልብሳቸው ጠርገው ከአልጋዋ ሥር የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። ይወዷታል፤ በዚህ ላይ ሹፈት የለንም። ልጃቸው ከቤት ልትወጣባቸው ነው፤ አንድ አባት በእንዲህ ያለ ጊዜ ማድረግ ያለበትን ወዲያው አደረጉ። ኮሚቴ አቋቋሙ።

የኮሚቴው አባላት ከሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል የተውጣጡ ነበሩ። ከመንግሥት ምክትል አስተዳዳሪው፣ ከትምህርት የሙአለ ሕፃናቷ መምህርት ማንአለሽ፣ ከአርሶ አደሩ አያ ረታ፣ ከትራንስፖርት ደግሞ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ዋለ። በመጀመሪያው ስብሰባ መምህርት ማንአለሽ እጇን አውጥታ፣

«ልጆቹ ባሉበት ሁላችንም አፋችንን ብንሰበስብ ምን ይመስላችኋል? ከዛሬ ጀምሮ፣ ከዚህ ከተቀመጥነው ብንጀምር» አለች።

ሐሳቡ በአድናቆት ከተደመጠ በኋላ ውድቅ ሆነ። ምክትል አስተዳዳሪው እንዳብራሩት ዝም ማለት በዕቅድ አይያዝም፤ ፎቶም አይነሳም። ስለዚህ ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል በቅድሚያ ጥናት እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጥናቱን ያካሄደው ዋለ ነው። የተሰጠው መመሪያ ቀላል ነበር፤ ለሦስት ቀን ሥራውን እየሠራ ከገዛ አፉ የሚወጣውን ብቻ ይጽፋል። በሁለተኛው ቀን ደብተሩ አለቀ። ኮሚቴው ድግግሞሹን አውጥቶ፣ የገበያውንና የአረቄ ቤቱን ጨምሮ፣ አርባ ሦስት ስድቦችን በሰንጠረዥ አደራጀ። ሰንጠረዡ የስድቡ ስም፣ የሚነገርበት ቦታ፣ ተጎጂው ወገንና ምንጩ የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። በክብደቷ አንደኛ ሆና የተገኘችው የየትናየት ቃል ናት። ከፊት ለፊቷ፣ በምንጩ ዓምድ ላይ፣ አቶ ዓለምነህ በራሳቸው እጅ «ምንጩ ያልታወቀ፤ ከአጎራባች ወረዳ ሳይገባ አልቀረም» ብለው ሞሉ። የፊርማቸው ቀለም ሳይደርቅ ኔትወርክ ተቆረጠባቸውና ስልካቸውን ተራ ቁጥር አንድ አሉት። ስብሰባው ቀጠለ።

ቅጣቱም ጸደቀ፤ ሕፃን ባለበት የተሳደበ ሰው ሁለት ቅዳሜ የመናኸሪያውን ግቢ ይጠርጋል። እዚህ ላይ አያ ረታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጌቶቼ፣ በሬዬ ዳለቻ ‹የጅብ እራት› ካላልኩት ቀንበሩን ተሸክሞ ይቆማል። ምን ልበለው? እባክህን ዳለቻ፣ ብትራመድልኝ ልበለው?»

ኮሚቴው ግማሽ ቀን ተከራከረ። በመጨረሻም ከብትን መስደብ የግብርና ግብዓት ስለሆነ አዋጁ እንደማይመለከተው ተወሰነ።

«ደግ» አሉ አያ ረታ፤ «ሌላው ሰው ግን ምን እንዳይል እንደተከለከለ በምን ያውቃል? ያልሰማሁት አዋጅ አያስቀጣኝም። በዚህ አገር አዋጅ ገበያ ላይ ነው የሚነገር።»

ነገሩ እውነት ነበር፤ ከጥንት ጀምሮ ገበያ ላይ ያልተነገረ ነገር ሕግ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሰነዱ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ በድምፅ ማጉያ እንዲነበብ፣ የአዋቂውም ልብ እንዲራራ የሙአለ ሕፃናቱ ስልሳ ሁለት ልጆች ከመድረኩ ፊት እንዲሰለፉ ሆነ። ሕፃናቱ ዝም ብለው መቆማቸው ስላላማረ ምክትል አስተዳዳሪው ለሁለት ሳምንት መፈክር አለማመዷቸው። ማለማመዱ አላስቸገረም። እዚህ አገር ልጅ ፊደል የሚቆጥረው እየተቀበለ ነው፤ መምህሩ «ሀ» ሲሉ «ሀ» ይላል፤ «ሁ» ሲሉ «ሁ» ይላል። ከመድረክ የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብሎ የተቀበለ ልጅ ከረሜላ እንደሚያገኝም ተነገራቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። ገበያው ጢም ብሏል፤ ከስማዳ በኩል ገብስ ጭነው የመጡት ሳይቀሩ አህዮቻቸውን እንደያዙ ቆሙ። መሪጌታ ወልደማርያም ጸሎት አድርሰው ጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አቶ ዓለምነህ አዲስ ሱፋቸውን ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ። የትናየት ከፊተኛው ረድፍ «አፋችሁን ጠብቁልን» የሚል ነጭ ካናቴራ ለብሳ እስከ ጉልበቷ ወርዶባት ቆማለች። አባትየው አዩዋትና ልባቸው ሞላ።

«ተራ ቁጥር አንድ» አሉ በድምፅ ማጉያው።

«ተራ ቁጥር አንድ» አሉ ስልሳ ሁለቱ ሕፃናት።

አቶ ዓለምነህ ቃሏን አነበቡ። ሕፃናቱም ቃሏን አሉ፤ ጥርት አድርገው፣ ባንድ ድምፅ፣ ከረሜላቸውን እያሰቡ።

መምህርት ማንአለሽ ከጎን ሆና ሁለት እጆቿን አወናጨፈች። ሕፃናቱ ድምፅ ጨምሩ ያለቻቸው መሰላቸውና ጨመሩ። አቶ ዓለምነህ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፤ ግን የተጀመረ አዋጅ በመሐል አይቆረጥም፤ የቪዲዮ ካሜራውም እየቀረጸ ነው። ሁለትን አነበቡ፤ ሦስትን አነበቡ፤ እንዲህ እያሉ እስከ አርባ ሦስት ከነቅጣቱ ዘለቁት። ከዳር የቆሙ አንዲት ባልቴት መዝሙር መስሏቸው ሁለት ጊዜ እልል አሉ። መሪጌታ በተራ ቁጥር ስድስት ላይ ጥላቸውን አጥፈው ሄደዋል።

ለዞኑ የተላከው ሪፖርት «ሕፃናቱ የሰነዱን ይዘት መቶ በመቶ ተገንዝበዋል» ይላል። በሪፖርት ታሪክ እንዲህ ያለ እውነት ተጽፎ አያውቅም። ከላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣ።

ችግሩ ሰኞ ተጀመረ። ዋለ መናኸሪያው በር ላይ አንድ ሹፌር ሲያባርር አፉ እንደ ልማዱ አመለጠው። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣

«ተራ ቁጥር ዘጠኝ» አለች። «ሁለት ቅዳሜ መጥረግ።»

ሌሎቹም ተቀበሉ። ዋለ ዘወር ቢል የትናየትና ጓደኞቿ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ክፋት የለባቸውም፤ የተማሩትን የሚመልሱ ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው። በዚያ ሳምንት ሁለት ደላላ፣ አንድ የግብርና ባለሙያና አንዲት ጠላ ሻጭ ተያዙ። በቀጣዩ ሳምንት ምክትል አስተዳዳሪው ራሳቸው ጠባቂያቸውን ሲቆጡ ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት ሆኑና ቅዳሜ ከነከረቫታቸው መጥረጊያ ጨበጡ። መናኸሪያው ከተሠራ ጀምሮ እንዲያ ጸድቶ አያውቅም። ከተማዋ ጸጥ አለች። ሰው ልጅ ሲያይ መንገድ እየቀየረ ይሄድ ጀመር። አያ ረታ ብቻ ዳለቻን ገበያ ድረስ ይዘው እየመጡ፣ የሚናገሩትን ሁሉ ለበሬው ሲናገሩ ይውሉ ነበር።

የትናየት በበኩሏ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተሳደበችም። ቃሎቹ ለምን እንደሆኑ ገብቷት ነበር፤ ሰው ግቢ የሚጠርግባቸው ናቸው።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ሰው በገዛ አፉ ሊታሰር ነው ወይ?» አለ ዋለ።

«ሕፃናቱ አዋቂውን እያሸማቀቁት ነው» አሉ ምክትል አስተዳዳሪው፤ ወገባቸውን እያሻሹ።

የአዋቂውን ማኅበረሰብ ደኅንነት ለማስጠበቅ ሲባል ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በገበያ፣ በመናኸሪያና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ እንዳይታዩ፣ ሙአለ ሕፃናቱም ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባዶ መጋዘን እንዲዛወር ተወሰነ።

«ስድቡስ?» አለች መምህርት ማንአለሽ።

«ስድቡ ነባር ነው» ተባለች።

ደብዳቤው ሰብሳቢው ካልፈረሙበት አይወጣም። አቶ ዓለምነህ እስክሪብቶውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ሁሉም ያይዋቸዋል። ፈረሙ።

በቅበላው ሳምንት ቤታቸው ሲገቡ የልጅቷ ልብስ በፔስታል ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«አፏ እኮ ጸድቷል» አሉ አቶ ዓለምነህ። «ከተሳደበች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«እሷማ ጸድታለች» አሉ ወይዘሮ ተዋበች። «አንተ ነህ ከከተማው ያስወጣሃት፤ ፊርማህን አይቼዋለሁ። ከወንዝ ማዶ መጋዘን ከምትውል አያቷ ጓሮ ትዋል።»

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ የእስቴው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ወይዘሮ ተዋበች ልጅቷን በመስኮት በኩል አስቀመጡ። አቶ ዓለምነህ በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው ጉንጯን ያዙ፤ ሊነግሯት ያሰቡት ብዙ ነገር ነበር፤ አንዱም አልወጣላቸውም። በዚህ መሐል ረዳቱ ፔስታሉን ወደ ጣሪያው ወረወረ። ፔስታሉ ተቀደደ፤ የየትናየት ትንንሽ ልብሶች፣ ደብተሯም፣ ያ ነጭ ካናቴራም መሬት ላይ ተበተኑ። ረዳቱ ካናቴራውን ረገጠው።

ያኔ አቶ ዓለምነህ ያችን ቃል አሏት። ከሆዳቸው፣ ሙሉ በሙሉ፣ ሞተር ሳይክላቸውን በየጠዋቱ እንደሚሉት አድርገው።

የትናየት አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። አላዘነችባቸውም፤ መልሱን የሚያውቅ ተማሪ ደስ ብሎት እንደሚናገር ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ እሷ ተራ ቁጥር አንድ ናት። የሞተራችን ናት።»

ወይዘሮ ተዋበች ፊታቸውን ወደ ፊት አዞሩ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ዋለ ከተራ አስከባሪዎቹ ክፍል ወጣና መጥረጊያውን አቀበላቸው። አቶ ዓለምነህ ተቀበሉት፤ መኪናው ያስነሣው አቧራ እስኪያርፍ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ለመጥረግ ካጎነበሱ ቀና አላሉም። ሲያለቅሱ ያየ ሰው አቧራው ነው ብሏል።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት «አመራሩ መናኸሪያውን በማጽዳት አርአያነቱን አሳይቷል» ይላል፤ ከጎኑም ፎቶግራፍ አለ። በሰንጠረዡ ላይ ግን ከተራ ቁጥር አንድ ፊት ለፊት ያለው የምንጭ ዓምድ እስከ ዛሬ አልታረመም። ሰነድ የሚያርመው ሰብሳቢው ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ጉዳዩን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ወደ አጎራባች ወረዳ ልከው መልሱን እየጠበቁ ነው።