ቁልፉ ጅዳ፣ ጭሱ መካነ ሰላም

ቤት ብቻውን ሲቀመጥ አመል ያወጣል። ይህን ስላችሁ ፍልስፍና ቢጤ ሞከራት ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ እኛ አገር ትንሽ ትልቁ የሚያውቀው ነገር ነው። እሳት ያልነደደበት፣ ሰው ያላነጠሰበት፣ «ማነው? ግባ!» ያልተባለበት ቤት ወና ይባላል። ወና ቤት ደግሞ ባለቤት አያጣም፤ ሰው ካልገባበት ሌላው ይገባበታል። ሌላው ማን እንደሆነ በስሙ አይጠራም። ሙስሊሙ «ጂን» ይላል፣ ክርስቲያኑ «እነዚያ» ይላል፣ ፍርሃቱ ሲጠና ግን ሁለቱም «ያ ነገር» ይሉና ይግባባሉ። እኛ ወሎዬዎች ሲበዛ ተስማሚ ነን፤ ፍርሃትን እንኳ ተካፍለን ነው የምንፈራው።

የዛሬ ዘመን ወና ቤት የሚያሠራው ማን መሰላችሁ? እኛው ነን፣ አረብ አገር የሄድነው። ወደ መካነ ሰላም ስትመጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ፣ መስኮቱ በጋዜጣ የተሸፈነ፣ በሩ በጓጉንቸር የታሰረ ቤት ካያችሁ፣ ባለቤቷ ሪያድ ወይ ቤይሩት ወለል እየወለወለች መሆኗን እወቁ። የሰው ቤት እያጸዳን የራሳችንን ወና እናደርጋለን። አጀብ ነው መቼም!

እኔ መዲና ነኝ። ወጣትነቴን ጅዳ በሰው ወጥ ቤት ጨርሼ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ መንገድ ዳር አንድ ቤት አሠርቻለሁ። አሠርቻለሁ ማለቴ ለወጉ ነው፤ ያሠራችው እናቴ ፋጡማ ናት። ጭቃ ያስረገጠች፣ ካናጢ የተጨቃጨቀች፣ ጣራው ላይ ሚስማር ሲመታ ከታች ቆማ «እሱኛው ጠሟል!» እያለች የጮኸች እሷ ናት። የኔ ሥራ በስልክ የመጣልኝን ፎቶ እያየሁ ማሻ አላህ ማለት ብቻ ነበር። ቤቱ አልቆ በር ሲገጠምለት ግን እናቴ እምቢ አለች። «ልጄ ሳትመጣ ደፉን አልረግጥም» ብላ ጎኑ ባለችው አሮጌ ጎጆዋ ቀረች። አዲሱን ቤት በጓጉንቸር ቆለፈችና፣ ቁልፉን ወደ ጅዳ በምትመለስ የሰፈራችን ልጅ እጅ፣ በሶ ውስጥ ቀብራ ላከችልኝ። በሶውን ወዲያው ጨረስኩት፤ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ታመመች፤ ደፉን ሳትረግጥ ሄደች። እኔ የሰው ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ በስልክ ለቅሶ ደረስኩ። ማዳሜም «ሶብር አድርጊ» ብላ አጽናናችኝና፣ ቀጥላ ማታ እንግዳ እንዳለባት አስታወሰችኝ።

ኮንትራቴን ጨርሼ ስመለስ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ የመንገዱን ክፍል ቁርስ ቤት አደርገዋለሁ። ፉል አውቃለሁ፣ ሳምቡሳ አውቃለሁ፣ የተሳፋሪ ሆድ ከመናኸሪያ ሲወጣ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አክስቴ ቤት አርፌ ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ ዝም አለ። የኛ ሰው ዝም ሲል አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ኋላ አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መዲዬ፣ ያ ቤትሽ እኮ... ያ ነገር ገብቶበታል» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ ጅዳ፣ በኔ አንገት ላይ እንዳለ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ግን ጎሕ ሲቀድ ከዚያ ከተቆለፈ ቤት ጭስ ይወጣል። ግቢው ተጠርጎ ይገኛል። ከውስጥ የሴት ማንሾካሾክ፣ የሽማግሌ ሳል ይሰማል። ይህን የሚሉት ደግሞ የመጠጥ ቤት ወሬኞች ቢሆኑ ባልከፋኝ። ዋናዎቹ ምስክሮች የግራና የቀኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። በግራ እትዬ ብርቄ አሉ፣ ኪዳን የማያስታጉሉ፣ በሐሰት የማይምሉ። በቀኝ ጋሽ ይማም አሉ፣ ከሱብሂ ሶላት ቀርተው የማያውቁ፣ ገበሬ፣ ነገር የማይጨምሩ። እትዬ ብርቄ «ጓጉንቸሩ በራሱ ተከፍቶ ተንጠልጥሎ ባይኔ በብረቱ አየሁት፣ ውስጥ የሚያስል ነበር፤ አንድ እግር ጫማዬን ጥዬ ነው የሮጥኩት» ይላሉ። ጋሽ ይማም «የሴት ድምፅ ነው፣ ወላሂ። ታንሾካሹካለች» ይሉና መሬት መሬት ያያሉ። አንገታቸውን የደፉበት ምክንያት አልጠፋኝም። የሞተችው ሴት እናቴ ናታ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ እኔም በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቁልፌን ይዤ ሄድኩ። ከፍቼ ገባሁ። ወለሉ ተጠርጓል። የጓዳው ምድጃ ላይ እጄን ባደርግ አመዱ ይሞቃል። ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቁኝ፤ ጫማዬን ግን አልጣልኩም፣ በዚህቺ ከእትዬ ብርቄ እበልጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገር ጠበበብኝ። ጂን ያለበት ቤት ፉል የሚበላ ተሳፋሪ የለም። የሚከራይም የለም። አንድ ደላላ ብቻ በየቀኑ እየመጣ «እኔ ደፋር ገዢ አለኝ» ይላል፤ የሚጠራው ዋጋ ግን የድፍረቱን ያህል አልነበረም። ማዳሜ ደግሞ በስልክ ድምፅ ትልክልኛለች፤ ቪዛው ተዘጋጅቷል፣ ልጆቹ ጠይቀውሻል፣ መቼ ነው የምትመጪው? ቤቱ ከተሸጠ መመለሴ ነው። ከተመለስኩ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ የመምጫ ጉልበት የለኝም።

ግን አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ። ፈርቼ ብቻ አልነበረም የሮጥኩት። ያ የሞቀ አመድ እናቴ አንድዳው ቢሆንስ ብዬ ነው። መቃብሯን እንጂ እሷን አላየሁም፤ ጂንም ትሁን ምን፣ አንድ ጊዜ «መጣሽ?» ብትለኝ ምን ነበረበት? እንዲህ የሚመኝ ሰው ቤቱን ሊሸጥ አይችልም፤ ሊገባበትም አይችልም።

አክስቴ ነች «እመት ሐዋን እናስመጣ» ያለችው። እመት ሐዋ የወግዲ ሴት ናቸው፤ ያን ነገር አነጋግረው፣ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ አጣርተው የሚናገሩ አዋቂ። እኔ ጥቁር ዶሮ፣ ከበሮ፣ የቀላ ዓይን ስጠብቅ ከወግዲ ሚኒባስ ጃንጥላ የያዙ፣ ሸራ ጫማ ያደረጉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ ሾፌሩን የሚራገሙ ባልቴት ወረዱ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ «ጂኑ እንደዚህ ሚኒባስ ካልሆነ ይለቅሻል።»

ቤቱ ደጅ ስንደርስ አልገቡም። ጓጉንቸሩን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት፤ ከዚያ አሸተቱት።

«ማነው ዘይት ያጠጣው?»

«ማንም እመት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከኔ በቀር የነካው የለም።»

«የኑግ ዘይት ይሸታል» አሉና ገቡ። መጥረጊያው ሚስማር ላይ መሰቀሉን አዩ። ምድጃው ጋ በርከክ ብለው አመዱን በእንጨት በተን በተን አደረጉት፤ በአንድ በኩል የኩበት አመድ ነው፣ በሌላው የባሕር ዛፍ ጭራሮ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው ይስቃል።

«አንቺ፣ ጂን ከምንድን ነው የተፈጠረ?»

«ከእሳት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ከእሳት የተፈጠረ ነገር ኩበት ምን ያደርግለታል? በርዶት ነው?» እንጨቱን ጣሉ። «እናትሽ ሞኝ ነበረች?» አሉ ደግሞ።

«ኧረ ወላሂ! ሰው አታምንም እንጂ።»

«ሰው አታምንም? ሰውስ ታምናለች፤ ይልቅ አንድን ሰው ብቻውን አታምንም» አሉና ተነሡ። «በይ ጎረቤት ጥሪልኝ። ያንን አክስትሽ ያወራችልኝን ደላላም።»

ሰው ለመሰብሰብ የኛ ሰፈር ጥሩንባ አያሻውም። አጥሩ ሞላ። አንድም ሰው ግን ግቢው ውስጥ እግሩን አላስገባም። እመት ሐዋ ደፉ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ትንሽ ተንቀጠቀጡ፤ ድምፃቸው ወፈረ። እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ፣ አንድ ዓይናቸው በደንብ አልተጨፈነም ነበር።

«ቤቱ ተይዟል!» አሉ። ሕዝቡ ያረቢ አለ፤ አማተበ። «ተይዟል፤ መድኃኒቱ አንድ ነው። ቤቱ ዛሬውኑ ለደላላው ይሰጥ! ጓጉንቸሩ ይሰበር! ምድጃው ይፍረስ፣ እሳት አይንደድበት! መዲናም ወደ መጣችበት ትመለስ!»

«አይሆንም!»

ሁለት ድምፅ ነው፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። እትዬ ብርቄና ጋሽ ይማም ሕዝቡን እየገፉ አጥሩን አልፈው ገብተዋል። እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ሁለቱም ደነገጡ።

«አደራ አለብኝ» አሉ እትዬ ብርቄ። ካንገታቸው ማተባቸውን ሳብ ሲያደርጉ፣ ከመስቀሉ አጠገብ ቁልፍ ታስሯል። «ፋጡማ ስትሞት ይቺን ሰጠችኝ። ቤቱ ወና እንዳይሆን፣ ልጄ እስክትመጣ እሳት አንድጂበት፣ ሌባ እንዳይሰማ ለነፍስ እንዳትተነፍሺ አለችኝ።»

ጋሽ ይማም የሽርጣቸውን ጫፍ ፈቱ፤ ከቋጠሮው ውስጥ ሌላ ቁልፍ ወጣ።

ለካ የገበያ ጓጉንቸር ሦስት ቁልፍ አለው! አንዱን ለኔ ከበሶ ጋር፣ አንዱን ለክርስቲያን ጎረቤቷ፣ አንዱን ለሙስሊም ጎረቤቷ፤ ለሁለቱም በየብቻቸው፣ በየጆሯቸው፣ «ለማንም እንዳትነግሩ» ብላ። ጋሽ ይማም ከሱብሂ ሲመለሱ፣ እትዬ ብርቄ ከኪዳን ሲመለሱ፣ በየተራቸው ገብተው እሳት አንድደው፣ ጠርገው ይወጣሉ። አንዳንዴ ታዲያ ተራው ይጋጫል።

«ያቺ የምታንሾካሹከው ሴት...» አሉ ጋሽ ይማም።

«እኔ ነኛ! ፈርቼ አባታችን ሆይ እየደገምኩ።»

«አይ ብርቄ! እኔ ደግሞ ፋጡማ ናት ብዬ ስንት ፋቲሓ ቀራሁ!»

«እና የሚያስለው አንተ ነህ? ጫማዬን የጣልኩት ላንተ ሳል ነው?»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ደላላው ራሱ ሳቀ፣ ቆይቶ ነው የደነገጠው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። «ታዲያ ስመጣ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው።

እትዬ ብርቄ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «በምን ዓይኔ መዲዬ? ወና እንዳይሆን አደራ ተቀብዬ፣ እየጠበቅሁት ያ ነገር ገባበት። አደራ በላሁ ብዬ አፍሬሽ ነው።» ጋሽ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሳቸውም ያው ነበር።

አሁን እስቲ አስቡት። ሁለቱም ቤቱ ውስጥ ጂን አለ ብለው ያምናሉ። በውሸት አይደለም፣ በጆሯቸው ሰምተዋል፣ ጫማ ጥለው ሮጠዋል። ሮጠውስ? ተመልሰው ገቡ! የጋሽ ይማም ሳል ያባረራቸው እትዬ ብርቄ ሌላ ቀን ጭራሯቸውን ይዘው ያንኑ በር ከፈቱ። የእትዬ ብርቄ ሹክሹክታ ያራዳቸው ጋሽ ይማም ኩበታቸውን ታቅፈው ያንኑ ደፍ ተራመዱ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ ያን ቀን ግን አየሁት። ጀግና እኮ የማይፈራ ሰው አይደለም እናንተ፤ እየፈራ ለሞተ ሰው ምድጃ እሳት የሚያነድ ነው። ከሩቅ ሆኜ ሰው የለኝም ብዬ ያለቀስኩበት ዘመን አሳፈረኝ። ሁለቱን አቅፌ፣ በመንገድ ሙሉ ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። አልሐምዱሊላህ፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት ለሰጠኝ ጌታ ምስጋናዬን አሁንም አልጨረስኩም።

እመት ሐዋ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሊሄዱ ሲሉ ያዝኳቸው። «እመት፣ ታዲያ ቤቱ ተይዟል ያሉት ለማስመሰል ነው?»

ተቆጡ። «እኔ ውሸት አላውቅም! ቤቱን እናትሽ ይዛዋለች። በማን እጅ እንደያዘችው አላየሽም?»

ያን ዕለት ደፉን ተራመድን። ጋሽ ይማም ዱዓ አደረጉ፣ እትዬ ብርቄ ከሁሉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሜን አሉ። ምድጃው ላይ ፉል ጣድኩ፤ ደላላው ሁለቴ በላ። መሐል ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ማዳሜ ናት፣ ቁርጡን ንገሪኝ ትላለች። ድምፅ ቀድቼ መለስኩላት፤ «ይቅርታ ማዳም፣ ማታ እንግዳ አለብኝ» አልኳት።

ቁርስ ቤቱ ይኸው ተከፍቷል። ብቅ በሉ፤ የጂኑ ፉል ቤት ብላችሁ ብትጠይቁ ባጃጁ ሁሉ ያደርሳችኋል። ባለፈው ያ የእናቴ ጓጉንቸር የኑግ ዘይት እንኳ አልመልሰው ብሎ ነከሰብኝና ከገበያ አዲስ ገዛሁ። እሱም ከሦስት ቁልፍ ጋር ነው የሚሸጠው። አንዱን አንገቴ ላይ አሰርኩ። አንዱን ለእትዬ ብርቄ፣ አንዱን ለጋሽ ይማም ሰጠሁ፤ በየብቻቸው፣ በየጆሯቸው፣ «ለማንም እንዳትነግሩ» ብዬ።