የባላምባራስ አንለይ ላሞች የዘር ሐረግ

በ1971 ክረምት ወረታ ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነበር፤ ባላምባራስ አንለይ ስድስት መቶ ከብታቸውን በታንኳ ጭነው ጣና መሐል ካለ ደሴት ደብቀዋል። ወሬው ከአንበሳሜ ገበያ ሲነሳ ስድሳ ከብት ነበር አሉ። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ገላውን ታጥቦ ሲወጣ ሦስት መቶ ሆነ። ወረታ ሲደርስ ደግሞ እጥፍ ያደረግሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ነኝ።

እጥፍ ላድርገው እንጂ አላመንሁትም። የጣና ታንኳ ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ እህል ከተጫነበት መንሳፈፉን ትቶ መጸለይ ይጀምራል። የፎገራ ላም ደግሞ ድልድይ ለመሻገር እንኳ ሽማግሌ ይላክልኝ የምትል ኩሩ ፍጥረት ናት። ይህም ይቅር። ባላምባራስ አንለይ ከብት ደብቀው ስለ ከብቱ ሳያወሩ ግማሽ ቀን መዋል የሚችሉ ሰው አልነበሩም።

በየከተማው ከራሱ ዘር ይልቅ የከብቱን ዘር አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የልጅ ልጆቹን ስም ያምታታል፤ የጥጃዋን ቅድመ አያት ግን ከነቀንዷ አቀማመጥ ይነግራችኋል። የኛው ሰው በዚህ ማዕረግ ከሁሉ የበላይ ነበሩ። አብዮቱ ባላምባራስነታቸውን ቢገፍፋቸውም ይህኛውን ሊነካባቸው አልቻለም።

«እንዴት አደሩ?» ትሏቸዋላችሁ።

«እግዜር ይመስገን። ቡሪት ወለደች።» ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። «የትኛዋ ቡሪት? በለኝ!»

እናንተ ባትሏቸውም እሳቸው ይሏችኋል። ታሪኩ የሚጀምረው ከአያታቸው ሠርግ ነው። አያትየው ከአማታቸው አንዲት ጥቁርና ነጭ ጊደር ተሰጣቸው፤ ስሟን ቡሪት አሏት። ቡሪት ወለደች፣ ልጆቿ ወለዱ፣ በረቱ ሞላ። ከዚያ ክፉው ቀን መጣና የከብት በሽታ ሜዳውን ባዶ አስቀረው። ተራራ ላይ ላለ አንድ ድኻ ተሰጥታ የነበረች አንዲት ላም ብቻ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ አንድ ሆነ፤ ከብት አንድ በረት አያድርም። ለየድኻው ቤት በርቢ ይሰጣል፤ አርቢው ወተቱን ይጠጣል፣ ከሚወለደውም አንዱ ጥጃ ለባለቤቱ፣ ቀጣዩ ለአርቢው ይሆናል። በሦስት ትውልድ የዚህ ቤት ከብት ያልገባበት የፎገራ ደጅ አልነበረም። የአህመዲን ሻይ ቤት እንኳ፣ ይህን ሁሉ የሰማሁበት፣ ሻዩን የሚያነጣው ከባላምባራስ በርቢ በወሰዳት ላም ወተት ነበር።

ለቅሶ ቤት ሄደው፣ «ሟች ደግ ሰው ነበሩ፤ የአራተኛዋን ቡሪት ሁለተኛ ልጅ አርብተውልኛል» ብለው እስከ ሰባተኛዋ ሲወርዱ፣ ዋና አልቃሿ እንባዋን ጠርጋ፣ «ባላምባራስ፣ ሟችን ደግሞ ትንሽ እናልቅስላቸው» ያለቻቸውን እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ለመሆኑ ስንት ናቸው?» ያለ ሰው ግን ተቀየሙት ማለት ነው። «ጤፍ መሰለህ? ከብት በስሙ ይጠራል እንጂ ይቆጠራል?»

ሳልዋሽ፣ በፊት በር ሲገቡ በጓሮ በር ስወጣ ብዙ ጊዜ ተገጣጥመናል።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ጓድ በላቸው የሚባል ካድሬ መጣ። ከብት ሁሉ በየባለቤቱ ስም ይመዘገባል፤ ብዙ የተገኘበት አድኃሪ ነው፤ ከብቱ ለኅብረት ሥራው፣ ባለቤቱ ወደ እስር ቤት። ያን ጊዜ ታስሮ የሚመለስበትን ቀን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂው ራሱ ይጠየቃልና። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮው ከፍ፣ ድምፃችን ዝቅ አለ። አህመዲን ባላምባራስን ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ጠፋውና፣ «ጓድ ባላ... ጋሼ፣ ሻይ ልድገምዎ?» ይል ጀመር።

አንድ ቀን ሻያቸው ቀዝቅዞ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ተተክሎ አገኘኋቸው። አሳዘኑኝና በገዛ እጄ ራሴን ለመከራ አዘጋጅቼ፣ «ቡሪት እንዴት ናት?» አልኋቸው።

«ደኅና ናት» አሉ። አበቃ። የትኛዋ ነው፣ ማን ወለዳት ነው፣ ምንም። ከካድሬው ሽጉጥ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራኝ።

የምዝገባው ቀን የገበሬ ማኅበሩ ግቢ ሞላ። አንደኛ የተጠሩት ድንቅነሽ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ስምንት ከብቶቻቸውን ነድተው ቀረቡ፤ ስምንቱም የባላምባራስ ናቸው፤ ይህን የማያውቅ ካድሬው ብቻ ነበር፤ እሱም መጠርጠሩ አልቀረም።

«የማን ናቸው?» አለ ጓድ በላቸው።

«የእኔ።»

«የአንለይ ናቸው ይባላል።»

«ማን አለህ? ላሟ ነገረችህ?»

«በአብዮቱ ማይ!»

«አብዮቱን ከየት አውቄው፣ ልጄ? ትናንት የመጣ እንግዳ አይደል?» አሉ ድንቅነሽ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘረጉ። «ሚካኤልን! የእኔ ናቸው!»

ድንቅነሽ ገበያ ላይ እንኳ ምለው የማያውቁ ሴት ናቸው። ባላምባራስ የተመቱ ያህል አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሁለተኛው ቀረበ፣ «ሚካኤልን!» አለ። ሦስተኛው ማርያምን ጠራ። አህመዲንም ተራው ሲደርስ፣ «ወላሂ የእኔ ናት!» ብሎ የላሟን ጀርባ መታ መታ አደረገ። እኩለ ቀን ላይ መዝገቡ ሲዘጋ በአንለይ ስም የሰፈረው ሁለት በሬ ነበር። ጓድ በላቸው ወረቀቱን ገልብጦ አየው። «ፊውዳል የተባለው ይኼ ነው?»

እኛ ተረፉ ብለን ደስ አለን። ለካ ባላምባራስ ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

በነጋታው ትከሻቸው ላይ ገመድ ጥለው ሻይ ቤት ገቡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የላም ማሰሪያ ገመድ ነው።

«ያንተ ናት፣ አህመዲን። ትርባልህ።»

«ምን ነካዎ ጋሼ? ያ እኮ ለሰውየው የተባለ ነው! ልቤን አላህ ያውቀዋል።»

«ልብህንማ እኔም አውቀዋለሁ። ወላሂ ብለሃል ግን። በእኔ ምክንያት ሰው በሐሰት ምሎ አይቀርም።»

«ካሳ እከፍላለሁ፣ እጾማለሁ...»

«ያጠፋሁት እኔ፣ የምትጾመው አንተ? ያዝ ገመዱን!»

አህመዲን እያለቀሰ ያዘ። ባላምባራስ ወደ ድንቅነሽ ሄዱ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሳይሸፍኑት፣ የማለውን ሰው ሁሉ ደጅ ለመድረስ አሥራ ሰባት ቀን ጭቃ ሲያቦኩ ሰነበቱ። ከድካማቸው አንድ ሁለት ቀልድ ለቅሜ እመለሳለሁ ብዬ አብሬያቸው ወጣሁ። በአራተኛው ቀን መቀለዱ ጠፋኝ። በየደጁ ገመዱን አስጨብጠው ሲያበቁ ተቀምጠው የላሟን ትውልድ ከመጀመሪያዋ ጊደር ጀምረው ለአዲሱ ባለቤት ያስጠኑታል። ተማሪው ከተሳሳተ እንደገና ከአያታቸው ሠርግ ይጀመራል። ዛሬ አሥራ አራቱንም ቡሪቶች ሳልሳሳት የምወርደው ያን ጊዜ ተምሬ ነው፤ ሰው ቆሞ ይስማኝ እንጂ ከስድስተኛዋ በፊት አልለቀውም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ያ ሁሉ ከብት የት ገባ የሚል ሰው በዛ፤ እውነቱን የሚያውቅ ደግሞ አይናገርም፤ ይህን ጊዜ ነው የታንኳው ወሬ የተወለደው። እኔም እንዳልሁት ጡንቻ ጨመርሁለት። አንድ ከሰዓት ባላምባራስ አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ጓድ በላቸው ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ሻይ ቤቱ ገባ።

«አንለይ! ስድስት መቶ ከብት ደሴት ውስጥ ደብቀሃል።»

ስድስት መቶ። የእኔ ቁጥር! ቀልዴ ነው ልል አፌን ከፈትሁ፤ ሻዬን ፉት ብዬ ዘጋሁት። አህመዲን ሬዲዮውን አጠፋው።

ባላምባራስ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እኔ በዕድሜዬ ምዬ አላውቅም፣ ልጄ፤ ዛሬ ግን ሚካኤልን! ታንኳ አልተሳፈርሁም፣ ደሴት አልረገጥሁም፣ የደበቅሁት ጥጃ እንኳ የለም። ከሁለት በሬ በቀር የእኔ የምለው ከብት የለኝም።»