ከወንበር ስለ መነሳት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14። ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00።
ቦታ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይከፈተው የስብሰባ ክፍል።

የተገኙ፦ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ (ሰብሳቢ)፤ ምክትላቸው፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ (ቱታ ከገዙ ወዲህ «ስፖርተኛው» የሚባሉት)፤ ታይፒስቷ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ።
ያልተገኙ፦ ደረጃውን ጀምረው አንደኛ ፎቅ ላይ የቀሩ ሁለት አባላት። ከሰባቱ አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ተቀምጠው ለሚሠሩ ሠራተኞች የአካል እንቅስቃሴ

ታይፒስቷ እግሯ ማበጡን፣ በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ካልተራመደች ደሟ ሊረጋ እንደሚችል ሐኪም መናገሩን ገልጻ የሐኪሙን ወረቀት አቀረበች። ስፖርተኛው ሁሉም ሠራተኛ እንዲንጠራራ ሐሳብ አቀረቡ። እንዴት እንደሆነም አሳዩ፤ ወገባቸውን ስለያዛቸው በሁለት ሰው ድጋፍ ተቀመጡ። ከረጅም ውይይት በኋላ «ማንኛውም ሠራተኛ፣ ኃላፊን ጨምሮ፣ በየሰዓቱ ከወንበሩ ይነሳ» ተብሎ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ በአጀንዳ 1 ላይ የቀረበ ቅሬታ

ውሳኔው ሲነበብ ሰብሳቢው፣ ኃላፊ ከወንበሩ ተነሳ ማለት ተሻረ ማለት እንደሆነ አስረዱ። «ማነው እኔን የሚያነሳኝ?» ሲሉም ጠየቁ። ምክትላቸው ውሳኔው እጅግ ጤናማ መሆኑን፣ ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝም አምስቱን ደቂቃ እሳቸው ሊቀመጡበት ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ። ሰብሳቢው፣ ምክትሉ ለዚህ ወንበር ሲቋምጡ ሰባት ዓመት እንደሞላቸው ተናገሩ። ስፖርተኛው «ይንቀሳቀስ» ይባል ቢሉ፣ እንቅስቃሴ የአድመኞች ቃል ነው ተባለ። «ይቁም» ቢሉ፣ ሥራ ይቁም ያሰኛል ተብሎ ወደቀ።

ታይፒስቷ፣ «ጋሼ፣ እኔ የማንንም ወንበር አልፈለግኩም። የፈለግኩት እግሬን ነው» አለች።

ሰብሳቢው፣ «አንቺ ደግሞ፣ ስለ እግር ማን አወራ?» አሉ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ የተጻፈውን እንዲያለዝብ ቢታዘዝም፣ የተባለውን እንጂ ሊባል የተፈለገውን እንደማይጽፍ አስመዘገበ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ሦስት ሰዓት ከሩብ ከተቀመጥን በኋላ፣ በአጀንዳ 1 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፤ ማንም ያለ ሰብሳቢው የጽሑፍ ፈቃድ ከወንበሩ እንዳይነሳ፤ ታይፒስቷም ይህን ቃለ ጉባኤ ከምሳ በፊት በአምስት ቅጂ ታይፕ እንድታደርግ በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ተወሰነ። ለድጋፍ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት ምክትሉ ናቸው።

ስብሰባው 6፡15 ላይ ተበተነ። አምስቱም ቅጂ በቃለ ጉባኤ ያዡ እጅ ተጽፏል። ታይፒስቷ ኮሪደር ላይ እየተራመደች ነው።