የጋሽ ፍቅሬ አድማጭ

አዲስ አበባ ውስጥ "ስልኬ ተጠልፏል" የሚል ሰው ያልበቀለበት ሰፈር ካለ፣ ስልክ ገና ያልገባበት መሆን አለበት። ሌላው ሰፈር ሁሉ የየራሱ ተጠላፊ አለው። የእኛ የካዛንቺሶቹ ግን ከሁሉም ይልቃል፤ ክቡር ጋሽ ፍቅሬ፣ የተጠላፊዎች ሁሉ አለቃ።

ከጋሽ ፍቅሬ ጋር ማኪያቶ ሊጠጣ የፈለገ መጀመሪያ የስልኩን ባትሪ ያወጣል። ስለ ኳስም ይሁን ስለ ዝናብ፣ ባትሪ ሳይወጣ ወሬ አይጀመርም። ጠረጴዛችን ጠዋት ጠዋት የሞባይል ጥገና ቤት ይመስላል። ስንቱ አባወራ የጓደኛውን ባትሪ ይዞ ቤቱ ገብቷል።

"ውጭ አገር ያለ ኩባንያ ማሽኑን ሠራ፣ ደኅንነቶቹ ገዙት፣ እኔ ተሰማሁ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው" ይሉናል።

ለምን እርስዎን ይሰማሉ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም። እሳቸውም በሐዘኔታ ያዩታል። ጡረታ እስኪወጡ አንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበሩ፤ የስንቱን አለቃ ዲስኩር ሲጽፉ ኖረዋል። ያን ሁሉ የሰማ ሰው እንዴት ሳይሰማ ይቀራል?

ቤታቸው ግን ዝም ያለ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቶቻቸው ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከተማ ዳር ተበታትነዋል። ልጃቸው ሊዲያ ወሎ ሰፈር፣ እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ብትኖርም፣ የምትደውለው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስትሮጥ ነው። "አባዬ ደኅና ነህ አይደል?" ትላለች፤ መልሱን ሊፍቱ ይበላዋል።

ለዚህ ይመስለኛል ስልክ ሲዘጉ ጠላፊውን ሳይሰናበቱ የማይዘጉት። "እናንተም ደኅና እደሩ፣ አደከምናችሁ" ይላሉ። በዓል ሲሆን እንኳን አደረሳችሁ ይሏቸዋል። አንዴ እኔ በመስመሩ ላይ እያለሁ፣ ሽሮው እንዴት እንዳረረባቸው ከእኔ ይልቅ ለእነሱ አስረዝመው አጫወቷቸው።

ታዲያ አንድ ቀን ባምቢስ አካባቢ ሶፍትዌር የሚሠራው ኢያቄም ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ማረጋጋቱ ነበር።

"ጋሼ፣ ማለቴ፣ የሚሰማዎት ሰው እኮ የለም" አላቸው። "ኩባንያዎቹ የሚሸጡት ቃል የሚለቅም ሲስተም ነው። የሚፈልገውን ቃል ካላገኘ ወሬውን እንዳለ ይጥለዋል።"

"ማንም ሳይሰማው?"

"ማንም።"

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ቤቱን ሁሉ ይጋብዝ ነበር። ጋሽ ፍቅሬ ባትሪያቸውን መልሰው ከተቱ፣ ማኪያቷቸውን በጅምር ትተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን ክፍት እንዳለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ያዩታል። አይጠራም። እኔ ስደውል "ደኅና ነኝ" ብለው ይዘጋሉ። ለማንም ደኅና እደሩ የለም። ሽሮው ይረር አይረር የሚያውቅ ጠፋ።

አንድ ጠዋት አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ባትሪዬን አወጣሁ። የእሳቸውንም እንዲያወጡ በዓይኔ ለመንኳቸው። ግራ ቀኙን ገላምጬ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ።

"ጋሼ፣ ትናንት ስደውልልዎ መስመሩ ላይ ሰው ሲስል ሰማሁ።"

ቀስ ብለው ባትሪያቸውን ከስልኩ ነቀሉ።

"ደረቅ ሳል ነው፣ አክታ ያለው?"

"ደረቅ።"

"ብርድ ነው" አሉ። "ምድር ቤት ነው አሉ የሚያስቀምጧቸው።" ከዚያ ኢያቄም ወደተቀመጠበት ዞረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ማሽን ይላል ይሄ! ማሽን ያስለዋል?" አሉ። ሁለተኛ ማኪያቶም አዘዙ።

ማታ ደወልኩላቸው። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሊዲያ ሹመት አንድም ሳይቀር አወሩኝ። ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አንተም ልጄ፣ ዝንጅብል በማር አፍልተህ ጠጣ። ተሻለህ?"

ስልኩን ከአፌ ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ በቀስታ ሳልኩላቸው።