የቀኝ ትከሻ ሰላምታ

ሰው ትከሻ እንዳለው የሚያውቀው ሲያመው ነው። እግር ጫማ ሲገዛ ይታወሳል፣ ጥርስም ቆሎ ሲቀርብ ይታወሳል፤ ትከሻን ግን ማን ያስታውሰዋል? ኮት የሚንጠለጠልበት ቦታ ነው ብለን እንተወዋለን። በእኛ አገር ግን ሰላምታ በአፍ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ጤነኛ ቀኝ ትከሻ የሌለው ሰው ከቤቱ መውጣት የለበትም ባይ ነኝ። እኔ ወጣሁ፤ ጸጸቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ነቀምቴ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው። ትንሽ ሠርቼ ጎጃም እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ጫልቱን አገባሁና መመለሱ ቀረ። ኦሮምኛዬ ዛሬም ገበያተኛውን ያስቃል። ሰላምታው ግን ከገባኝ ቆይቷል። የወለጋ ሰላምታ ጥድፊያ አይወድም። እንዴት ነህ ለማለት "አካም ጅርታ?" ተብሎ ትከሻ ለትከሻ ይገጫል፤ ልጆቹስ ተብሎ ይደገማል፤ ከብቱስ ተብሎ ይሠለሳል። እኔ ከብት የለኝም። ቢሆንም በሌለኝ ከብት ስም ስገጭ ስንት ዘመኔ።

አደጋው የደረሰው በክረምት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ተሳፋሪው ሊገፋ ሲወርድ ሹፌሩ ወደ እኔ ዞር አለና "አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ" አለኝ። ልጁ ማክበሩ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ሃምሳን ያለፍኩት ገና አሁን አይደለም እንዴ? ማን ነው አባባ? ሱሪዬን ሰብስቤ ወረድኩ። መውረድ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ከመካከል ገብቼ ቀኝ ትከሻዬን ከባጃጁ ጀርባ ሰካሁና ገፋሁ። ባጃጁ ወጣ። ትከሻዬ ውስጥ ግን አሮጌ አንሶላ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይህንን ነው።

በማግስቱ ማበጠሪያ ማንሳት አቃተኝ። ጫልቱ ሆስፒታል እንሂድ አለች፤ እኔ ወጌሻ አልኩ። ኦቦ ፉፋ የሚባሉ ወጌሻ ጉቶ ጊዳ ወረዳ አሉ። በአጥንት ጉዳይ አልከራከራቸውም፤ የእጃቸውን ፈውስ ያየ ብዙ ሰው አለ። የእኔ ግን የጡንቻ ነበር። እሳቸው በቅቤ አሹት፣ አሹትና ድንገት ሳብ አደረጉት። እኔም ተራ በሚጠብቀው ሰው ፊት መምህር ከሚባል ሰው የማይጠበቅ ቃል ተናገርኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ በትክክል የገባኝ ግን ያን ዕለት፣ ትከሻዬ በቅቤ ርሶ ሳለ ነው። ይቅርታ ጠይቄ፣ ከበፊቱ የባሰ እጅ ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ሄድን። ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቱ ደኅና ነው ተባለ፤ ጡንቻው ግን በከፊል ተቀዷል አሉኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መሩኝ። እዚያ ያለችው ለሊሴ የምትባል ወጣት ናት። እጄን በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ፤ መጀመሪያ በረዶ፣ በኋላ ሙቅ ፎጣ አዘዘችልኝ፤ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እያስኬድኩ እጄን ወደ ላይ እንዳወጣ አሳየችኝ። ስቸኩል "ሱታ፣ ጋሼ፣ ሱታ" ትለኛለች፤ ቀስ ማለቷ ነው። በመጨረሻ የከበደኝን ትእዛዝ ሰጠችኝ። እስክድን ድረስ በትከሻ ሰላም ማለት የለም። እኔም ይህንን ለእኔ ከምትነግሪኝ ለከተማው ሕዝብ ብትነግሪልኝ አልኳት። ሳቀች፤ ትእዛዙን ግን አላነሣችልኝም።

ጨርቁን አንገቴ ላይ አድርጌ መንገድ ስወጣ ሌላ ጣጣ መጣ። ምን ሆነህ ነው የማይለኝ የለም። ባጃጅ ገፍቼ ስል ይስቃሉ፤ ስቀው ሲጨርሱ መድኃኒት ያዛሉ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ እሰርበት ይላል፣ አንዷ ጸሎት ቤት መጥተህ እጅ ይጫንልህ ትላለች። በየቀኑ ከመታከሜ ይልቅ መልስ መስጠቱ አደከመኝ። ስለዚህ ጨርቁን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ያለ ጨርቅ ደግሞ ጤነኛ መስዬ ሁሉም በትከሻው ይመጣብኝ ጀመር። የሚመጣ ትከሻ ባየሁ ቁጥር ወደ ኋላ አፈገፍጋለሁ። ውሎ አድሮ እግሬ እኔን ሳያማክር ራሱ ማፈግፈግ ለመደ።

አሁን ቶለሳን ላስተዋውቃችሁ። ነቀምቴ እንደገባሁ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን የኖርን፣ አብረን ያስተማርን፣ ጫልቱን ሲያጩልኝ ከሽማግሎቹ ጋር አብሮ የሄደ ወዳጄ ነው። በኋላ ማስተማሩን ትቶ አኖ የምትባል ከተማ ሄዶ የእህል መደብር ከፈተ። እናቱ ሲያርፉ እኔ ጎጃም ነበርኩ፤ ለቀብር አልደረስኩም፣ ለቅሶውንም ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ያን ጊዜ "ከጎኔ ቆሞ እናቴን የቀበረው ጎረቤት እንጂ አንተ አይደለህም" አለኝ። እኔም ተቀየምኩ። ከዚያ ወዲህ ድንገት ብንገናኝ ራስ ከመነቅነቅ አናልፍም ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። እውነቱን ልናገርና፣ ሰውየው ይናፍቀኝ ነበር።

የድሮ ባልደረባችን ልጁን ሲድር ሁለታችንም ተጠራን። ጫልቱ ጨርቁን እንዳደርግ ለምናኝ ነበር። በሙሉ ልብስ ላይ እንዴት ይደረጋል አልኳት። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ምግቤን እየበላሁ ሳለ ቶለሳ ከወዲያ ማዶ ተነሣ። እየቀረበ መጣ። ሰው ሁሉ ታሪካችንን ያውቃልና ጉርሻውን እንደያዘ ወደ እኛ ዞረ። እኔም ተነሣሁ። እሱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ "አካም ጅርታ፣ ያ ኦቦሌሳ ኮ" አለ። ወንድሜ ማለቱ ነው። ወንድሜ ካለኝ ስንት ጊዜው ነበር።

ትከሻው ወደ ትከሻዬ መጣ። እግሬ የለመደውን አደረገ፤ ወደ ኋላ ሄደ። ይህ ሳያንስ ግራ እጄ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጅ ደረቱ ላይ ተዘረጋ። ቶለሳ ቆመ። እጄን አየው፣ ፊቴን አየው። "ይሁን" አለ፤ ዞሮም በመጣበት ሄደ።

"ትከሻዬ ነው፣ ቶለሳ፣ ትከሻዬን አሞኝ ነው" ስል ከድንኳኑ ወጥቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች እንኳ ያመኑኝ አይመስሉም። ጫልቱ ለቶለሳ ሚስት ደውላ ብታስረዳም ከእሱ የመጣው መልስ ይህ ነበር፦ ትከሻውን አሞታል የተባለው ሰው በዚያው እጁ ሲጎርስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እጅ እስከ አፍ ለመድረስ ትከሻ ብዙም እንደማያስፈልገው ለሊሴን ምስክር አድርጌ አልሄድ ነገር።

ጫልቱ አሁኑኑ፣ ጨርቁን እንዳደረግህ አኖ ሂድ አለችኝ። ምነው በሰማኋት። እኔ ግን ሌላ አሰብኩ። በሽተኛ ሆኜ ሄጄ በአፍ ከምለምነው፣ ድኜ ልሂድና በደንብ በትከሻዬ ሰላም ልበለው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ያለ ንግግር ያልቃል አልኩ። ከዚያ ወዲያ የሕክምናዬ ትጋት ለሊሴን ራሷን አስደነቃት። ጠዋት ግድግዳ፣ ማታ ግድግዳ። ጣቶቼ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አኖ የቀረብኩ ይመስለኝ ነበር። ጡንቻ ለካ ጊዜ ሲሰጡት ይጠገናል። ሰው ግን እንደ ተሰበረ አጥንት ነው፤ በጊዜው ካልታሰረ እንደ ተጣመመ ይገጥማል። ይህንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ለሊሴ "ድነዋል፣ አሁን ማንንም ሰላም ይበሉ" ያለችኝ ዕለት በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሄጄ የአኖ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቶለሳ መደብሩ በር ላይ ቆሞ በቆሎ ያስጭናል። ሲያየኝ አልሸሸም። ፈገግ አለ። ደስ ብሎኝ ቀኝ ትከሻዬን አስቀድሜ ሄድኩ፤ እሱም በዝግታ ወደ ኋላ አለና መዳፉን ዘረጋ።

"ተው፣ ትከሻህን አደራ" አለኝ።

የግራ እጄን ጣቶች ጫፍ ያዝ አድርጎ ለቀቀ። ድኛለሁ አልኩት። እጄን ከራሴ በላይ አነሣሁለት፣ በጆንያዎቹ መሐል አሽከረከርኩለት፤ በቆሎ ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። ቶለሳ በትሕትና ተመለከተኝና የጡንቻ ነገር አይታመንም አለኝ። ወንበር አቀረበልኝ፣ ለስላሳ አስከፈተልኝ፣ ስለ ልጆቼም ጠየቀኝ። ወንድሜ ግን አላለኝም። እየራራልኝ ይሁን እየተበቀለኝ እስከ ዛሬ ለይቼ አላወቅሁም፤ ስወጣም በሩ ላይ እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና መዳፉ ተዘረጋ።

አሁን ስንገናኝ እንነጋገራለን፤ ከቀድሞው ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል። እሱ ግን ሁልጊዜ ከሩቅ ቆሞ ስለ ትከሻዬ ይጠይቃል፣ ከባድ እንዳላነሣ ይመክረኛል፣ ብርድ እንዳይመታኝ ያሳስበኛል፣ የግራ እጄን ጣቶች ነካ አድርጎ ይሄዳል። ለሊሴ ድነዋል ብላ አሰናብታኛለች፤ ቶለሳ ግን ዛሬም እያስታመመኝ ነው።