በሰዓቱ የሚደርሰው ጀግና

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ቁጭ ባልኩበት ሸለብ አድርጎኝ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ። እኔ የፍቺው ነገር አይደለም የጨነቀኝ፤ እንዳየሁት ልናገር።

ከተማው በሙሉ የተሣለ ነበር። ሰማዩ ላይ የብሩሽ ጭረት ይታያል። በአንዱ መንገድና በሌላው መካከል ነጭ ባዶ ክፍተት አለ፤ ሰዉ እንደ ቦይ እየዘለለ ይሻገረዋል። ወዲያው አወቅኩት። «ዶፍ» የሚባለው ኮሚክ ሰባተኛ እትም ውስጥ ገብቻለሁ። ሥራዬ በመጽሔት ላይ ኮሚኮችን መተቸት ስለሆነ ያንን እትም ሰሞኑን አብጠርጥሬዋለሁ። ዶፍ የሚበርና ዝናብ የሚያዘንብ ጀግና ነው፤ ሰው ከእሳት ያወጣል።

እዚያ ግን ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። የሚበረው ሕዝቡ ነው። አሮጊቶች ዘንቢል አንጠልጥለው በራሴ ላይ ያልፋሉ። ዶፍ ደግሞ ካባውን ክንዱ ላይ አጥፎ የታክሲ ሰልፍ ይዟል።

«ምነው አትበርም?» አልኩት።

«ግምገማ ላይ ነኝ። እስኪያልቅ ታግጃለሁ።»

«ማን ነው የሚገመግምህ?»

«ያዳንኳቸው ናቸዋ።»

ታክሲው መጣ። ረዳቱ «ካባ ያለው ከኋላ! ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ። ጠጋ ስንል አዳራሽ ውስጥ ነበርን።

ወንበሮቹ ጣሪያው ላይ ናቸው፤ ሰዉ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ተቀምጧል። ሰብሳቢው አመዶ ነው፤ በኮሚኩ ውስጥ ከተማውን የሚያቃጥለው ክፉ ሰው። አንዲት አህያ መነጽር አድርጋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

«ከእትሙ ጠንካራ ጎን እንጀምር፣» አለ አመዶ።

ከእሳት የወጣች አንዲት ነጋዴ ተነሣች። «ዝናቡ ጥሩ ተደርጎ ተሥሏል። እኔ እስከ ዛሬ ልብሴ አልደረቀም።»

ሌላው ደግሞ «ክፉውም ሰው ምክንያት አለው፤ ዝም ብሎ ክፉ አልተደረገም፣» አለ። አመዶ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «ቤቴን አፍርሰውብኝ እኮ ነው፣» አለና አለቀሰ። አዳራሹም አብሮት አለቀሰ። እኔም በጽሑፌ ያመሰገንኩት ይህንኑ ስለነበር አብሬ አለቀስኩ።

«አሁን ወደ ደካማ ጎኑ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አህያዋ የኔን ጽሑፍ አውጥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ወሬ ይበዛል፤ ንግግሩ የሚጻፍበት ፊኛ የሰዎቹን ፊት ይሸፍናል።» ይህን እንዳለች ከአመዶ አፍ ነጭ ፊኛ ወጥቶ ፊቱን ሸፈነው። ከዚያ በኋላ ፊቱን አላየሁትም።

«ትልቁ ድክመት ግን ጀግናው ሁልጊዜ በሰዓቱ መድረሱ ነው። የእኛ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በሰዓቱ የሚደርስ ማን አይተን እናውቃለን? ይህ አያሳምንም፣» ብላ ንባቧን ጨረሰች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደረቴ ተነፋ።

«ይታረም!» አለ አመዶ ከፊኛው ጀርባ።

ያኔ ግድግዳው እንደ ገጽ ተገለጠና የእትሙ የመጨረሻ ሥዕል ታየ። ኮንዶሚኒየም፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ጭስ። አንዲት ሴት የበረንዳውን ብረት በእጇ ይዛ ተንጠልጥላለች። በታተመው ላይ ይህች ሴት ስም የላትም፤ ዶፍ ደርሶ ያወርዳታል። አሁን ግን ፊቷን አየሁት። እናቴ ነበረች።

«ልሳኑ፣» አለችኝ፣ «እጄ ዛለብኝ።»

የዶፍን ካባ ጎተትኩ። «ተነሥ! ብረር እንጂ!»

ዶፍ ሰብሳቢውን አየ። አመዶ «እርማቱ ከዛሬ ጀምሮ ይሠራል። ዶፍ ይዘገያል፣» አለ።

«እስከ መቼ?»

«እስኪያሳምን ድረስ።»

«እናቴ ናት እኮ! ትችቴን አንስቻለሁ! እግራችሁ ላይ ልውደቅ!»

«እርማቱ ጸድቋል፣» አለች አህያዋ።

ነጋዴዋ በርኅራኄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ልጄ፣ አንተው አይደለህ ያስተማርከን? እኛማ ሲደርስልን ደስ ብሎን ነበር።»

ወደሚበሩት አሮጊቶች ጮኽኩ። አንዷ ዝቅ ብላ «አንተ አንባቢ ነህ፤ ቁጭ ብለህ እይ፣» አለችኝና አለፈች። ራሴ ለመብረር ዘለልኩ፤ እግሬ ከመሬት አልነሣም አለ። ወደ በረንዳው ሮጥኩ። በመካከላችን ያለው ነጭ ክፍተት እየሰፋ ሄደ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ዶፍ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያለቅስ ነበር፤ ባለቀሰ ቁጥር ይዘንባል። «ይቅርታ አድርግልኝ፣» አለኝ። «እኔ የማውቀው በሰዓቱ መድረስ ብቻ ነበር።»

የእናቴ ጣቶች ከብረቱ ተላቀቁ።

ነቃሁ። የግቢያችን በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። እናቴን ሳስታምም አድሬ፣ ጠዋት የጠራሁት አምቡላንስ ቤቱን እንዳያልፈው ብዬ ነበር የወጣሁት። ስልኬ እጄ ውስጥ ይጮኻል።

«አምቡላንስ የፈለግኸው አንተ ነህ? ሰፈሩ ጠፋን። ምልክቱ ምንድን ነው?»

«ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ሰማያዊ በር! ስንቴ ልንገራችሁ?»

«እሺ ጌታዬ፣ መንገድ ላይ ነን፣» ብሎ ዘጋው።

ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ቀጥኗል።

«ልሳኑ፣ መጡ?»

መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁት። አቧራ ብቻ ነበር።

«መጡ እማዬ፣ በር ላይ ናቸው፣» አልኳት።

አመነችኝ።