ማንም የማይወርድበት መድረክ

ሀብተ ጊዮርጊስ እንጦጦ ማርያም ሁለት ዓመት ቅኔ ቆጥሮ፣ ከዚያ ወርዶ አስተማሪ የሆነ ሰው ነው። ያረጀ ቃል ሁሉ፣ ግዕዝም ይሁን እንግሊዝኛ፣ በአንድምታ ይፈታል ብሎ ያምናል። ስለዚህ የቀበሌው ሊቀመንበር «ለአብዮት በዓል የንጉሥ አወዳደቅ የሚያሳይ የጥንት የእንግሊዞች ቲያትር ተርጉምልን» ሲለው መዝገበ ቃላት ልፈልግ አላለም። ሾዴ ደግሞ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። በዕድሜ ከሀብተ ጊዮርጊስ አሥር ዓመት ይበልጣል፤ ፊደል የቆጠረው ግን ዘንድሮ፣ በመሠረተ ትምህርት ነውና ጋሼ የሚለው የለም። በቲያትሩ ውስጥ ዘበኛ ሆኖ ይሠራል፤ የሚናገረውም አንድ ቃል ብቻ ነው። ጊዜው ጳጉሜ 1972፣ ቦታው ጉለሌ የቀበሌው አዳራሽ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሌሎቹ ተዋንያን ምሳ ሄደዋል፤ ሁለቱ ቀርተው ይጨቃጨቃሉ።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ አልሞቀም! እንደገና! «ኤክሲየንት!» ስትል ግድግዳው መንቀጥቀጥ አለበት።

ሾዴ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ኤክሲየንት!

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ይሄ ምንድን ነው? የዘበኛ ድምፅ ነው የለማኝ?

ሾዴ፦ መምህር፣ ምን እንደምል ባውቅ ይሞቅልኝ ነበር።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ስንቴ ልፍታልህ? ጥንታዊ ቃል ነው አልኩህ። አንድም «ይሁን፣ ይደረግ» ማለት ነው። አንድም «ለዘላለም ኑር» ማለት ነው። አንድም በዘመናችን ሲፈታ «ወደፊት!» ማለት ነው።

ሾዴ፦ ሦስቱንም ነው የምጮኸው?

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ሦስቱንም፣ ባንዴ!

ሾዴ፦ ንጉሡን ሲገድሉትም «ለዘላለም ኑር» ልበል?

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ እዚያ ላይ «ወደፊት» የሚለውን እያሰብክ ጩህ። ይሄ እኮ ትወና ነው!

ሾዴ፦ እሺ። ሌላው ደግሞ፣ መድረኩ ሞላ።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ምን ሞላ?

ሾዴ፦ ሰው ነዋ። መጀመሪያ ንጉሡ ከአምስት መኳንንት ጋር ገባ። ኤክሲየንት አልኩ። ከዚያ ንግሥቲቱ ከነደንገጡሮቿ ገባች። ኤክሲየንት። ከዚያ ወታደሮች። አራተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተገትሯል። ባጫ ትናንት ከጠርዙ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? «ኤንተር» ሲል ግቡ ማለቱ ነው፤ እሱ ዛሬም ያለ ቃል ነው። ውጡ የሚል ግን መጽሐፉ ላይ የለም። ከኪሴ ላውጣ?

ሾዴ፦ ገዳዮቹ «ንጉሡን ዛሬ ማታ እንግደለው» ብለው ሲማከሩ እኮ ንጉሡ መሀላቸው ቆሟል። ገለታ ትናንት ንጉሥ መሆኑን ረስቶ «ኧረ ለምን?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ጥልቀቱ እዚያ ላይ ነው! ገዢ መደብ ጆሮው ሥር የሚዶለተውን አይሰማም። ሊቀመንበሩ እዚያ ጋ ሲደርስ ቆሞ ነው ያጨበጨበው።

ሾዴ፦ ውሻውስ?

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ውሻው ምን አደረገህ?

ሾዴ፦ «ሃርክ! ሃርክ!» እያሉ ሲጠሩት አይመጣም። የጎረቤታችን የአድነው ውሻ ነው፤ ስሙ ቡቺ ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ይለማመዳላ! የንጉሡ ውሻ ሃርክ ነው። ሌሊት አንድ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር የሚጠሩት ለምን ይመስልሃል?

ሾዴ፦ እሺ ይሁን። ሙኒያ ግን ታሳዝነኛለች። የጨነቀው ሁሉ «አላስ!» ብሎ ይጠራታል፤ እሷ «አቤት!» ትላለች፤ ከዚያ የሚያዛት የለም። ትናንት ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ጊዜ አቤት አለች።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ታማኝ ገረድ ናት። ደራሲው መልሷን መጻፍ ረስቷል፤ «አቤት»ን የጨመርኩላት እኔ ነኝ።

ሾዴ፦ መምህር፣ ረቡዕ ከበላይ የሚመጡት ገምጋሚዎች እንግሊዝኛ ያውቃሉ?

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ [ድምፁ ዝቅ ይላል] አንደኛው እንግሊዝ አገር ነው የተማረው አሉ። ስማኝ ሾዴ። ቲያትሩ ካለፈ የኪነት ኃላፊ ሆኜ እዚሁ እቀራለሁ። ካላለፈ ስሜ ከዘማቾቹ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ በበዓሉ ማግስት ለመሠረተ ትምህርት ገጠር እሄዳለሁ። ባለቤቴ ሸዋገነት ደግሞ ዘጠነኛ ወሯ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ፈርቻለሁ።

ሾዴ፦ እንግዲያው ልንገርዎ። ያ ቃል አይጮኽም።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ደግሞ ጀመርክ!

ሾዴ፦ በንጉሡ ጊዜ አንዲት እንግሊዛዊት አስተማሪ ተማሪዎቿ ለሚሠሩት ቲያትር ካባ እንድሸምን አስጠርታኝ ነበር። ልክ ስወስድ፣ ስለካ፣ ሦስት ሳምንት ልምምዳቸውን አየሁ። ኤክሲየንት የሚለው ጋ ሲደርሱ ከልጆቹ አንድም አፉን አይከፍትም። እሷ ብቻ መጽሐፏን አይታ «ኤክሲየንት!» ትልና እጇን እንዲህ ታደርጋለች። [እህል ላይ የመጣ ዶሮ እንደሚያባርር እጁን ያወናጭፋል] ሁሉም ውልቅ ብለው ይወጣሉ።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ሁሉም?

ሾዴ፦ ሁሉም። መድረኩ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይገባሉ። ሃርክ ሲሉ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ያዳምጣሉ እንጂ ውሻ አልነበረም። አላስ የምትባል ልጅም አላየሁም። ሐዘን ሲመጣባቸው ደረታቸውን ይዘው ነው የሚሉት፤ ወይኔ እንደምንለው።

[ሀብተ ጊዮርጊስ «አይሆንም» እያለ መጽሐፉን ይገልጣል። ያ ቃል ባለበት ሁሉ ፊደሉ ዘመም ብሏል። ከፊቱም የተናጋሪ ስም የለም። ለካ ንግግር ሳይሆን «ሁሉም ይውጡ» የሚል የመድረክ ትእዛዝ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ይህን እንዴት ሳላይ ቀረሁ እያለ ወንበር ስቦ ቁጭ ይላል።]

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?

ሾዴ፦ የመጀመሪያው ቀን እጄን አውጥቼ ነበር። እርስዎ «ሸማኔና እንግሊዝኛ ምን አገናኛቸው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እጄን አወረድኩ።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ እንዲህ አልኩ?

ሾዴ፦ ብለዋል።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ አፈርኩ። [ፊቱን በእጁ ያሻል] አሁን ምን ይሻለኛል? ቃሉን እንዳልሰርዘው ሊቀመንበሩ ወዶታል። አዳራሹ በር ላይ በቀይ ቀለም አስጽፎታል።

ሾዴ፦ በሩ ላይ? እሱ እንኳ ቦታውን አግኝቷል።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ አትቀልድብኝ!

ሾዴ፦ አይሰረዝ። እኔ ዘበኛ አይደለሁ? ዘበኛ ሲጮኽ ሰው ይወጣል። እኔ ኤክሲየንት ስል እነሱ ውልቅ ይበሉ። እንግሊዝ አገር የተማረው ልክ ነው ይላል፤ ሊቀመንበሩም መፈክሩን አያጣም።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ሙኒያስ? ክፍልሽ ቀረ ብላት ታለቅሳለች።

ሾዴ፦ ሬሳውን የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። እሷና ባጫ ይያዙት። ባጫ እግሩን ካመመው ቀስ ብለው ይውጡ፤ ሐዘን አይደል?

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ [ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይስቃል] አዳንከኝ! ቆይ ግን፣ ሊቀመንበሩ እኮ እሑድ ስብሰባ ላይም ብሎታል።

ሾዴ፦ ገና ሲከፍት። «ጓዶች፣ ኤክሲየንት!» አለ። እናንተ አጨበጨባችሁ።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ አንተስ?

ሾዴ፦ ወጣሁ።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ወጣህ? በሩ ተዘግቶ፣ ጥበቃ ቆሞ?

ሾዴ፦ ጥበቃው «ወዴት ነው?» አለኝ። «ሊቀመንበሩ ያዘዘውን ልፈጽም ነው» አልኩት። ከፈተልኝ።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ እኔ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ እኮ! ሸዋገነት ምጥ መጣብኝ ብላ ብታስጠራኝ እንኳ አላስወጡኝም። ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው፤ «አጨብጭብ» አሉኝ። ደግነቱ ምጥ ሳይሆን ቁርጠት ሆነ። እሷንም አንድ መንገደኛ አግኝቷት ደግፎ ጤና ጣቢያ... [ያቆማል። ሾዴን አተኩሮ ያያል።]

ሾዴ፦ ጭቃው ከባድ ነበር። ቀስ ብለን ነው የወረድነው።

[ሀብተ ጊዮርጊስ ከወንበሩ ይነሳል። የተቀመጠበትን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሾዴ ይገፋዋል።]

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ጋሽ ሾዴ፣ ይቀመጡ።

ሾዴ፦ ኧረ ግድ የለም መምህር።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ ይቀመጡ እንጂ! ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን ቃሉን ሁሉ ይንገሩኝ።

ሾዴ፦ እኔ የማውቀው ሦስቱን ብቻ ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ፦ እሑድ ለመውጣት አንዱ በቅቶዎታል።